ለእንግዳ ብቻ ስለሚወጡት መጫወቻዎች

ለተከበሩ የመዋዕለ ሕፃናታችን ርእሰ መምህርት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለመላው ጤናዎ፣ በተለይም የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ተሸክሞ ለሚውለው አንገትዎ፣ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እኔ የአምስት ዓመት ሕፃናት መምህርትዎ ደህና ነኝ፤ ደህና መሆኔም ያሳፍረኛል። ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ከመስጠት ይልቅ በወላጆች ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት፣ የዋሸሁት በሰው ፊት ስለሆነ የማርመውም በሰው ፊት ይሁን ብዬ ነው። ቅሬታዎቼን እርስዎ በሚወዱት መንገድ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ የእንጨት ኩቦቹን፣ አሻንጉሊቶቹንና የዕቃ ዕቃ መጫወቻዎቹን «እንዳይቆሽሹ» ብለው ቆልፈው ስላኖሩልን ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ኩብ አልተጫረ፣ የአንዲትም አሻንጉሊት ፀጉር አልተነቀለ። ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው ፊደል ሲደግሙ ይውላሉ። አንዱ እርሳሱን መኪና አድርጎ በዴስኩ ጠርዝ ላይ ሲነዳ «አስቀምጥ!» የምለው እኔ ነኝ።

፪ኛ/ ባለፈው ማክሰኞ የትምህርት ቢሮ ተቆጣጣሪዋ እንደሚመጡ ሲነገረን፣ በማለዳ ቁም ሳጥኑን ከፍተው «በጨዋታ እንማራለን» የሚለውን ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ስላሰቀሉን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ልጆቹ መንካት ፈርተው ቆመው አዩን። «ተጫወቱ እንጂ!» ብዬ የተቆጣሁትም እኔው ነኝ። ከዚያ በኋላ ግን ክፍሉ ነፍስ ዘራ። እስከ አምስት መቁጠር አቅቶት የኖረው ልጅ ኩብ እየደራረበ አሥራ አንደኛ ፎቅ ደረሰ። ከጉንጯ ሙላት የተነሣ ጉንጬ የምንላት የልብስ ሰፊው ልጅ ደግሞ አሻንጉሊቷን አስተኝታ ትኩሳቷን ትለካ ነበር።

ተቆጣጣሪዋ አጠገቧ ቁጢጥ ብለው «የኔ ቆንጆ፣ በየቀኑ እንዲህ ትጫወታላችሁ?» ብለው ጠየቋት።

«አይ፣ እንግዳ ሲመጣ ነው። ስትሄዱ ይቆለፋል» አለች፣ ከሕመምተኛዋ ላይ ዓይኗን ሳታነሣ።

እርስዎ እኔን አዩኝ። እኔም ማንም አፌን ሳይዘኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ፈገግ ብዬ «ይቺ ልጃችን መዋሸት ትወዳለች» አልኩ። ተቆጣጣሪዋ ሳቁ፤ ቅጹ ላይም «እጅግ በጣም ጥሩ» ብለው ጻፉ። ጉንጬ አልሳቀችም፤ አላለቀሰችምም። ዓይኗን ከአሻንጉሊቷ ላይ አንሥታ አየችኝ።

፫ኛ/ ይህኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ ይሁን በራሴ ላይ መለየት አቅቶኛል። በዚያው ዕለት «ልጅዎ በእንግዳ ፊት ስለምትዋሽ ይምከሯት» የሚል ማስታወሻ በፊርማዎና በማኅተምዎ አስደግፈው ለአባቷ ስለላኩ ትጋትዎን አደንቃለሁ። መጫወቻ ለማውጣት ሁለት ዓመት የፈጀ ቢሮ ልጅ ለመክሰስ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀበትም። በማግስቱ ልብስ ሰፊው ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንዳለ እየሮጡ መጡ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አሳፈረችን። እቤት ውሸት አላስተማርናትም። ቀጥቻታለሁ» አሉኝ።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! እኔ ግን ምን አልኩ? «አይዞዎት፣ ልጅ አይደለች፣ ስታድግ ትተወዋለች» አልኳቸው። የበደልኩት ሰው ይቅርታ ሲጠይቀኝ ይቅር ብዬ ሸኘሁት።

ጉንጬ ሁለት ቀን ቃል ከአፏ አልወጣም። ስም ስጠራ እንኳ እጇን ብቻ ነበር የምታነሣው። እኔም ወደ እሷ ወንበር ላለማየት ቀኑን ሙሉ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰሌዳ ስጠርግ ዋልኩ።

ዛሬ ጠዋት አባቷ ልጃቸውን አድርሰው ሊመለሱ ሲሉ ወደ ክፍል አስገባኋቸው፤ ልጆቹንም ምንጣፉ ላይ ሰበሰብኩ። «ማክሰኞ ዕለት ጉንጬ የተናገረችው እውነት ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ። አባቷ ጎንበስ አሉና የልጃቸውን የጫማ ማሰሪያ፣ ታስሮ እያለ፣ ፈትተው እንደገና አሰሩት። ጉንጬ ግን አፏን ከፈተች።

«ታዲያ ቲቸር፣ አንቺን ማን ይቀጣሻል?»

ጥያቄው ከሥልጣኔ በላይ ስለሆነ ለሚመለከተው ክፍል መርቼዋለሁ፤ ግልባጩም ወደ ተቆጣጣሪዋ ቢሮ ተልኳል።

ከእርስዎ የቀሰምኩትን ልምድ ለመርሳት በርትቼ እየሠራሁ መሆኔን በትሕትና እየገለጽኩ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የአምስት ዓመት ሕፃናት ክፍል መምህርት

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደሚጽፉልኝ አውቃለሁ። «ውሸታም» የሚለውን ቃል እባክዎን እንዳያለዝቡት፤ ይገባኛል። ብቻ አንድ ግልባጭ ለራስዎም ማስቀረት አይርሱ።