ጠበብ ያለ የላችሁም?

የካቲት 3፣ ሰኞ

የፈተና መቀመጫ ስደለድል ዋልኩ። ስድስተኛ «ሀ»ን ከስድስተኛ «ለ» አራራቅኩ። መንትዮቹን አንዷን መስኮት ጋ፣ አንዷን በር ጋ። ምክትል ርዕሰ መምህርነት ማለት ሰው እንዳይገናኝ ማድረግ ነው።

ከሰዓት እማዬ ደወለች። ሰማንያ ዓመቷን ሆቴል ማክበር አሰኝቷታል። ቤተሰቡ ሁሉ አብሮ ይብላ፣ አብሮ ይደር። ሆቴሉን እኔ ልፈልግ።

«ሁለቱ ወንድሞችሽ እንደ ሰው ካልተነጋገሩ ግን ኬኩን አልቆርስም። ታክሲ ይዤ ቤቴ ነው የምገባው።»

ታደርገዋለች።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ለራሴ እንኳ ስጽፈው ያስቃል። ታላቄ ጥርስ ሐኪም ነው። ታናሼ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ። ካቻምና ታላቅየው ሊፈተን ሄደ። የተመደበው ፈታኝ ታሞ ታናሽየው ተተካ። መመሪያው ተፈታኙን «እርስዎ» በሉ ይላል። እሱ ደግሞ መመሪያ ሲያከብር…

«እርስዎ መኪና ማቆም አልቻሉም። ወድቀዋል።»

በአንድ ብርድ ልብስ ሲጓተቱ ያደጉ ሰዎች። ታላቅየውም «እርስዎን አመሰግናለሁ» ብሎ ወረደ። በኋላ ሌላ ከተማ ሄዶ ተፈተነና አለፈ። ቂሙ ግን አላለፈም። እርስዎና እርስዎ ሆነው ቀሩ። አንድ ቀን እኔ ቤት «እርስዎ፣ ጨው ያቀብሉኝ» ሲባባሉ ጎረቤቴ አይታ፣ «እንዴት ያሉ ጨዋዎች ናቸው» አለችኝ።

የካቲት 7፣ ዓርብ

የመጀመሪያው ሆቴል። የሽያጭ ኃላፊዋ ከፊቴ ቀጭ ቀጭ እያለች አስጎበኘችኝ።

«እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መግቢያ አለው። እንግዶችዎ ካልፈለጉ በስተቀር አይገናኙም።»

«ጠበብ ያለ የላችሁም?»

«ጠበብ?»

«ሰው ከሰው ሳይጋፋ የማያልፍበት።»

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ የአትክልት ቦታውን አሳየችኝ። በየዛፉ ሥር አንድ አንድ ወንበር። ዶክተሩ ወንድሜ አንዱን ይዞ እስኪመሽ ጋዜጣ ሲያነብ ታየኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ሁለተኛውም ያው። ሦስት መመገቢያ ክፍል… ምን ያደርግልኛል?

የካቲት 9፣ እሑድ

አገኘሁት። ከገበያው ጀርባ፣ አሮጌ ሆቴል። አንድ መመገቢያ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ግድግዳ መሆን አለበት። ሊፍቱ ደግሞ ሦስት ሰው ከገባበት ሆድ መሳብ ያስፈልጋል።

ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ሱፋቸው የሆቴሉ እኩያ።

«ሊፍቱን ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እመቤት። አልፎ አልፎ መሀል ላይ ይቆማል። ደግሞ በራሱ ይነሳል።»

«ብዙ ይቆያል?»

«ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ።»

ፊቴን እንደምንም አኮሳተርኩ። ሁለቱን ወንድሞቼን እዚያ ውስጥ ከትቼ… ሻይ እስኪፈላ።

«አስጠግነዋለሁ» አሉ።

«አይንኩት።»

«ግድ የለም፣ ለእርስዎ ስል…»

«በሞቴ፣ አይልፉ። እንዲህ እንዳለ ነው የምፈልገው።»

እጅ ነሱኝ። ለሁለቱ ላይኛው ፎቅ ላይ ግድግዳ የሚጋሩ ክፍሎች ያዝኩ።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ለየብቻ ደወልኩላቸው። «እሳቸውም ይመጣሉ?» አለኝ አንዱ። ሌላውም ቃል በቃል። ምን ይደረግ፣ ወንድማማች ናቸው።

የካቲት 16፣ እሑድ

የትናንቱን ልጻፍ።

ሊፍቱ ተጠግኗል። ባለቤቱ አዲስ ምንጣፍ አንጥፈውበት በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «አይንኩት» ያልኩት ይሉኝታ መስሏቸዋል። ምን ልበል? አመሰገንኩ። ፈታኙ ወንድሜ ብቻውን ገባ፤ ሊፍቱ አንዴ እንኳ ሳይስል ይዞት ወጣ። ሃሳቤም አብሮ ሄደ።

እማዬ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ከጭኗ አላወረደችም።

ዶክተሩ ዘግይቶ መጣ፣ መኪናውን እየነዳ። ለካ ግቢውን አላየሁትም፤ ያን እሑድ በእግሬ ነበር የመጣሁት። ግቢ አይባልም፣ ጉሮሮ ነው። ሲገባ ገባ። ሊያዞር ሲል በግንቡና በውኃ ታንከሩ መሀል ተወተፈ። ሁላችንም በረንዳ ላይ ወጣን። ታናሼ ከንፈሩን ነክሶ ትንሽ ቻለ። ሙያ ግን አያስችልም።

«እርስዎ፣ መሪውን ወደ ግራ ይጠምዝዙ።»

«እርስዎን ማን ጠየቀዎት?»

«እርስዎ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ።»

«ሥራዎን ቢሮዎ ይሥሩ።»

መኪናው ወደ ኋላ ተንደረደረ።

«አንተ! ግንቡን! ቁም፣ አንተ ገልቱ!»

ቆመ። መስኮቱ ወረደ።

«ገልቱስ አንተ። ወንድምህን የምትጥል።»

«ታዲያ ይሄን ላሳልፍ? ውረድ፣ ቁልፉን ስጠኝ።»

«አልወርድም። ከፈለግህ አንተ ግባ።»

ታናሼ ከበረንዳው ወርዶ ጎኑ ገባ። መኪናው ስንዝር ወደ ፊት፣ ስንዝር ወደ ኋላ… ጩኸታቸው በረንዳው ድረስ ይሰማል። በየመሀሉ ሳቅ ያለ ነገርም ሰማሁ። እማዬ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አንጠለጠለችና «ኬኩን አምጡት» አለች።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ምናለ። ምሳ ላይ ባለቤቱ ብርጭቆ አንስተው ተነሱ።

«እኚህ እመቤት ሊፍቱ መሀል ላይ እንደሚቆም ነግሬያቸው፣ ‹እንዲህ እንዳለ ነው የምፈልገው› ብለውኝ ነበር። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?»

ወንድሞቼ ተያዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ገብቷቸዋል፤ ሳህኔ ላይ አቀረቀርኩ።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ከሥራ ስገባ ሁለቱም ደጄ ላይ፣ በአንድ መኪና። ዶክተሩ መሪ ላይ፣ ታናሼ ጎኑ። የኋላ ጎማው የጎረቤቴ አበባ ላይ ወጥቷል። ፈታኙ አይቶ እንዳላየ።

«እንደምን ዋሉ?» አለኝ ታላቄ።

ዞር ብዬ ከኋላዬ ሰው ፈለግሁ።

«እርስዎ ቤት ሻይ ይገኛል?» አለ ታናሼ።

«አታፍሩም?»

«በእርስዎ ፊት? በጣም።»

ጠጡ። እርስ በርስ እየተነካኩ ሳቁ። እኔን ግን እንደ ባዕድ አከበሩኝ። ሲወጡ ጎንበስ ብለው ተሰናበቱኝ። ወዲያው ልከሳቸው እማዬ ጋ ደወልኩ።

«እርስዎ እያሉኝ ነው።»

«ማን?»

«ሁለቱም።»

«ተማክረው ነው?»

«አዎ፣ ተማክረው ነው።»

ልታዝንልኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«እንግዲያው ቻይው» ብላ ዘጋችው።