ሳይበላ የቆየው የደሴ ተዝካር፦ የመምህርት ለተሥላሴ ደሴ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ለተሥላሴ ደሴ ከአባታቸው ከአቶ ደሴ ይሻው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውዴ አበጀ፣ በቀድሞው አጠራር በበጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት፣ በደብረ ታቦር አውራጃ፣ ከጉና ተራራ ሥር ልዩ ስሙ ቀይ አፋፍ በተባለው ስፍራ ጥር 7 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ የሥላሴ በዓል ነበርና ስም ለማውጣት ማንም አልተጨነቀም። አዋላጅ ግን ከጎረቤት አልተገኘም። እትብታቸውን የቆረጡት አክስታቸው ወይዘሮ እቴነሽ ነበሩ።

አቶ ደሴ ብረት ቀጥቃጭ፣ ወይዘሮ ውዴ ደግሞ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። በቀይ አፋፍ ደሴ ያልሳሉት ማረሻ፣ ውዴ ያልሠሩት ድስት አልነበረም። ሆኖም የባለ እጅ ዓይን ይበላል ይባል በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ገበሬው ማረሻውን አስሎ፣ ገብሱን ሰፍሮ ሰጥቶ ከደጅ ይመለሳል እንጂ ቤት ገብቶ አይቀምስም ነበር። በውዴ ድስት የተሠራ ወጥ ይበላል፤ ውዴ ራሳቸው የሠሩት ወጥ ግን አይበላም። ዛሬ ለሚሰማው ቀልድ ይመስላል። ለተሥላሴ ግን በዚህ ውስጥ ነው ያደጉት።

በ1954 ዓ.ም. አክስታቸው ሸክላ ለመሸጥ ደብረ ታቦር ገበያ ሲወርዱ አስከትለዋቸው ሄደው እዚያው ትምህርት ቤት አስገቧቸው። ለተሥላሴ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በከተማው ተከታትለው በ1966 ዓ.ም. አጠናቀቁ። አብዮት መጥቶ ነበርና በሚቀጥለው ዓመት ካኪ ለብሰው፣ ከዘማች ጓደኞቻቸው ጋር ወደ እብናት ዘመቱ። መሬት ላራሹ ሲታወጅ ድምፃቸው እስኪዘጋ የዘመሩት እኚህ ሴት፣ ፈቃድ አግኝተው ወደ አባታቸው ቤት በእግራቸው ገሰገሱ፤ ደሴ መሬት ሲሰጣቸው በዓይናቸው ለማየት ነበር።

መሬቱን የሚያከፋፍሉት ወጣቱ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር አቶ ሙላቴ ነበሩ። ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው ንግግር ሲያደርጉ ተራራው ያስተጋባ ነበር ይባላል። የደሴ ተራ ሲደርስ ግን መዶሻ ያለው ሰው መሬት ምን ያደርግለታል ተባለና ከገደሉ አፋፍ ድንጋያማ ቁራጭ ደረሳቸው። አቶ ደሴ ግን የዚያን ዓመት ማረሻ ሁሉ እንደ ወትሮው ሳሉ። በ1969 ዓ.ም. አረፉ።

በአርባኛው ቀን ወይዘሮ ውዴ ያላቸውን አሟጠው ተዝካር ደገሱ። ጎረቤቱ መጣ፣ አለቀሰ፣ ተቀመጠ። መሶቡ ሲቀርብ ግን አንዱ ሆዱን አመመው፣ አንዱ ከብት ጠፋበት፣ አንዱ ያልተጻፈ ጾም ያዘ። የመንደሩ ሰው በሙሉ በአንድ ቀን ይህ ሁሉ ሲደርስበት ታይቶ አይታወቅም። ሊቀ መንበሩም ስብሰባ አለብኝ ብለው ወጡ። ወይዘሮ ውዴ እንጀራውን በሰሌን ላይ አስጥተው ድርቆሽ አደረጉት፤ ቤተሰቡም ክረምቱን ሙሉ እሱን በላ። ለተሥላሴ ግን አንድም ቀን አልወረደላቸውም። የአባታቸው ተዝካር ሳይበላ እሳቸውም ከአባታቸው ጋር በወጉ እንዳልተሰነባበቱ ይቆጥሩ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሥነ ጽሑፍ አጠኑ። በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የተጻፉ ልብ ወለዶችን ያገኙት ያኔ ነው። ነጩን አባረው በወንበሩ ላይ የተቀመጡ፣ አብረዋቸው የታገሉትን ድሆች ከደጅ የመለሱ ሰዎች ታሪክ ነበር። ባሕርና በረሃ ተሻግሮ ያለ፣ ስለ ጉና ሰምቶ የማያውቅ ደራሲ የአባታቸውን ተዝካር እንዴት ሊያውቅ እንደቻለ እየተደነቁ፣ መጽሐፉን ደረታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ቀሪ ዕድሜያቸውን ለዚህ ትምህርት ሰጡ። በእብናት፣ ኋላም በደብረ ታቦር በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ፣ እኛ ቅኝ አልተገዛንምና ይህ ታሪክ አይመለከተንም የሚል ተማሪ አይጠፋም ነበር። መልሳቸው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ለአያትህ ማረሻ የሳለለት ሰው ከማን ጋር ይበላ ነበር?

በ1977 ዓ.ም. የእብናት ተወላጅ ከሆኑት የግብርና ባለሙያ ከአቶ ደምሴ ዓለሙ ጋር በሕግ ተጋቡ። የሙሽራው ዘመዶች ሰርጉን አኩርፈው ቀሩ። አቶ ደምሴ ኩርፊያውን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩት ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረው፣ መሰረትን እና ይሻውን ወልደው፣ ቀድመዋቸው አርፈዋል።

እኛ ቤተሰቦቻቸው ዛሬም ስናስበው የሚደንቀን በ2001 ዓ.ም. የሆነው ነው። መምህርት ለተሥላሴ በሰንበት ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ቀይ አፋፍ ይወጡ፣ ከቅዳሴ በኋላም ሰንበቴ ላይ ለተሰበሰበው ገበሬ ከመጻሕፍቱ ያውጣጡትን ታሪክ በአማርኛ ያወሩ ነበር። የተማሩ ናቸውና ይከበራሉ፤ ምግብ ግን ለብቻቸው ነበር የሚቀርብላቸው፣ ለክብር ነው እየተባለ። አንድ ሰንበት የአንድ ሩቅ አገር ባለ እጅን ነገር አነሡ። ሰውየው ጦር ቀጥቅጦ መንደሩን አስታጠቀ፣ ነጮቹ ተባረሩ፣ መሬት ሲከፋፈል እሱ ተዘለለ፣ ድግስ ሲደግስም የሚበላለት አጣ። ሽማግሌዎቹ ነገሩ እውነተኛ ጠብ መሰላቸው። ይህ በሽምግልና መታየት አለበት ብለው ከሁለቱም ወገን ዋስ ጠየቁ፤ ተማሪዎቹም ዋስ ሆኑ። ክርክሩ ተሰማ፣ ለሚቀጥለው ሰንበት ቀጠሮ ተሰጠ። ፍርዱን እንንገረው፣ ሰውየው ስልክ የለውም ወይ ብለው የጠየቁ አባትም ነበሩ።

በቀጠሮው ዕለት ፍርድ የሰጡት በእድሜም በመሐላም የሚታመኑት የሽማግሌዎቹ አለቃ፣ የድሮው ሊቀ መንበር አያ ሙላቴ ነበሩ። አብሮ የታገለን ሰው ድግስ ጥሎ መሄድ ነውር ነው፤ ጎረቤቶቹ ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ይጠይቁት፣ ቤቱም ገብተው ይብሉለት ሲሉ ፈረዱ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ አጸኑት።

መምህርት ለተሥላሴ ተነሥተው ቆሙ። "አያ ሙላቴ፣ አንቱ የፈረዱለት ባለ እጅ አባቴ ደሴ ነው። ተዝካሩ እስከ ዛሬ አልተበላም" አሉ።

አያ ሙላቴ ተቆጥተው ቢሄዱ የሚይዛቸው አልነበረም። እሳቸው ግን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አዘገሙ፤ ከካቡ ድንጋይ አንሥተው አንገታቸው ላይ አደረጉ፤ ወደ ደሴ ቤት የሚወስደውን ቁልቁለትም ተያያዙት። ሌሎቹ እየተያዩ ተከተሏቸው። ወይዘሮ ውዴ ሸምግለው፣ ዘንግ ተደግፈው ከደጃፋቸው ቆመው ነበር። የተጎነበሰውን ሰው ሁሉ አዩና "ቆያችሁሳ። በሉ ግቡ" ብቻ አሉ። ጠላው ተጠምቆ፣ ወጡ ተሠርቶ ነበር። ለተሥላሴ ድግሱን ያስደገሱት ገና ፍርዱን ሳይሰሙ ነበር። ያን ዕለት በደሴ ቤት መሶቡ ባዶ እስኪሆን ተበላ፤ ከቀይ አፋፍ ሥላሴ ሰንበቴም ለብቻ የሚቀርብ ምግብ ቀረ።

መምህርት ለተሥላሴ ጡረታ ከወጡም በኋላ ማስተማር አላቆሙም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ጣላቸው። ካስታመሟቸው ልጃቸው ከወይዘሮ መሰረት ጋር ሲጨዋወቱ ያስጨነቃቸውን ነገር ተናገሩ፦ "የአባቴን ተዝካር በፍርድ በሉት። የእኔንስ ማንም ሳይፈርድባቸው ይበሉልኝ ይሆን?"

ይህ ቃል ማን አድርሶላቸው እንደሆነ እንጃ፣ አያ ሙላቴ በዚያ እርጅናቸው ከጉና ሥር በበቅሎ፣ ከዚያ በሚኒባስ፣ ከደብረ ታቦር መናኸሪያም በባጃጅ ከመምህርት ለተሥላሴ ቤት ደረሱ። አልጋው ጫፍ ተቀመጡ። የሕመምተኛዋ ምሳ ቀርቦ ሳይነካ ተቀምጦ ነበር። "ለተ፣ መንገዱ አስርቦኛል። በእጅሽ አጉርሽኝ" አሉ። መምህርት ለተሥላሴም ሽሮው ጋቢው ላይ እየተንጠባጠበ አጎረሷቸው። አያ ሙላቴ አላምጠው ዋጡና "ድገሚኝ" አሉ። በክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁሉ አንገታችንን ደፋን። መምህርት ለተሥላሴ ከዚያ ወዲያ ያን ጥያቄ ደግመው አላነሡም።

መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። የሁለት ልጆች እናት፣ የአምስት ልጆች አያት፣ ቁጥራቸውን ማንም የማያውቀው ተማሪዎች አስተማሪ ነበሩ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ በቀይ አፋፍ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፣ ከአባታቸው ከአቶ ደሴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውዴ ጎን ይፈጸማል።

ከቀብር መልስ ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ደሴ ቤት እንዲያመራ ቤተሰቡ በአክብሮት ይጠይቃል። ንፍሮው በወይዘሮ ውዴ ትልቁ ድስት ተቀቅሎ ይጠብቃል። አያ ሙላቴ ጉልበታቸው ከድቷቸው እዚህ ባይቆሙም ከዚያ ደጃፍ ተቀምጠዋል፤ "ግቡ" የማለቱን ሥራ ለማንም አልሰጥም ብለዋል።

በዕለቷ ተወልደው በስሟ የተጠሩባት ቅድስት ሥላሴ፣ እንግዳ ከደጅ ከማይመለስበት ማዕዷ ታስቀምጣቸው። አሜን።