ገለባ የተሞላው ጥጃ

ሐምሌ 7
ጎሮ ጭቃ በጭቃ። ኤርፖርት ካርጎ ቀኑን ሙሉ አበባ ስንጭን ዋልን። ኢምፔሪያል ታክሲ ስቀይር ዳቦ ገዛሁ፣ ማታ ሽሮ ሠራሁ። የሚስቴን የሊድያን ነጠላ እንደ ሁልጊዜው ፊት ለፊቴ ወንበሩ ላይ አደረግሁ። ያለሱ እህል አይወርድልኝም። ከሞተች ዓመት ሊሞላት ነው... ሰው ቢያየኝ ምን ይላል? ማንስ ያየኛል።

ሐምሌ 10
የአከራዬ የእማማ ደሪቱ ጥጃ ሞተ። እናቱ ቡሬ አልታለብም አለች። ወተቷን ለሰፈሩ እየሸጡ ነው የሚኖሩት። እርሻቸው ኮንዶሚኒየም ከሆነ ወዲህ የቀረቻቸው እሷ ናት።

ሐምሌ 12
የጥጃውን ቆዳ ገለባ ሞልተው ሰፉት። ጨው ነስንሰው አፍንጫዋ ሥር አቆሙላት። ላሰችው፣ ላሰችው... ወተቱ ወረደ።
"እሱ እንዳልሆነ አታውቅም እንዴ?" አልኳቸው።
"ታውቅ ይሆናል። ምን ታድርግ?"
ቤቴ ገባሁ። ወንበሩን ማየት ከበደኝ። ነጠላውን ግን አላነሳሁትም።

ሐምሌ 19
ሱሪዬ በቀበቶም አልያዝ አለ። አለቃዬ "ታመሃል እንዴ?" አለኝ። ምን ልበለው? ብቻዬን ስሆን ጉሮሮዬ ይዘጋል ልበለው? ናፈቀችኝ። የመጀመሪያው ጉርሻ ሁሌም የእኔ ነበር።

ሐምሌ 24
ቆዳው በዝናቡ ሸተተ። ጠዋት ውሻ ጎትቶት ሄደ፣ አጥሩ ሥር ገለባው ብቻ ቀረ።
"ካልታለበች ለሥጋ መሸጤ ነው" አሉ እማማ ደሪቱ።
ቡሬ ስትጮህ ዋለች። እኔም አልበላሁም።

ሐምሌ 25
እረፍት ነበርኩ። እማማ ደሪቱ ፉርሽካውን በእጃቸው እየዘገኑ ያበሏታል፣ አንገቷን እያሻሹ በኦሮምኛ ያዜሙላታል። "ኛዱ፣ ቡሬ... ብዪ እንጂ።" ባልዲውን ሥሯ አድርጌ እኔ ማለብ ጀመርኩ። ቆየች። እጄ ዛለ። ከዚያ ጠብ... ጠብ አለ።
ጥቂት ነው። ግን ወረደ።

ሐምሌ 28
ሽሮዬን ከነድስቱ ይዤ እማማ ደሪቱ ቤት ገባሁ።
"ብቻዬን መብላት አቃተኝ" አልኳቸው። አፈርኩ።
"እስከ ዛሬ የት ነበርክ ታዲያ? እኔስ ከማን ጋር የምበላ መሰለህ?"
አንድ ትሪ አቀረቡ። ጠቅልለው ወደ አፌ አስጠጉ።
"ኛዱ" አሉኝ።
እንባዬ መጣ። በላሁ። ጠግቤ ተነሳሁ።
ስመለስ ነጠላውን አጣጥፌ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ወንበሩን ከቦታው አላነሳሁም። ነገ እሳቸው ለእራት ይመጣሉ።