የነዳፊው የአቶ ሀዳነ ሐብተ ማርያም የሕይወት ታሪክና ስለ ግንበኛው አቶ አለነ የተዉት ቃል

ወደ አቶ ሀዳነ ቤት የሚመጣ ሰው ገና በሩን ሳይገፋ ፋቅ፣ ፋቅ የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። የእርሳስ ድምፅ ነው። እሳቸውን የሚያያቸው ከዚያ በኋላ ነው፤ በመስኮቱ ሥር አጎንብሰው፣ ማስመሪያ ሳይዙ፣ ረጅም መስመር ሲስቡ።

አቶ ሀዳነ ከአባታቸው ከመሪጌታ ሐብተ ማርያም ዋኘውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሩፋኤል ገብረ ሚካኤል በ1916 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ ተወለዱ። ዳዊት ደገሙ፤ ዜማው ግን አልሆነላቸውም። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለሚሠሩት ለእናታቸው አባት ተሰጡ። እዚያም ቀለም መበጥበጥን፣ ጻድቁን ከፊት ኃጥኡን ከጎን መሣልን፣ የከበረውንም ሰው ከሌላው አስበልጦ ማቆምን ተማሩ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ በአንድ የሕንፃ ሥራ ቢሮ በቀን ሠራተኛነት ገቡ። ከጦርነቱ በኋላ በጎንደር የቀሩ ሲኞር ብሩኖ የሚባሉ ጣሊያናዊ የሕንፃ ነዳፊ በዚያው ይሠሩ ነበር። እኚህ ሰው አቶ ሀዳነ በሲሚንቶ ከረጢት ላይ በከሰል የሣሉትን ፈረሰኛ አይተው፣ “ፈረሱ ሸጋ ነው፤ ቤትስ ትሥላለህ?” አሏቸው። ያስተምሯቸውም ጀመር፤ መጀመሪያ ማስመሪያውን ከእጃቸው ወሰዱባቸው። “መስመር ከጣት አይወጣም፣ ከትከሻ ነው” ይሏቸው ነበር። አቶ ሀዳነም ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት፣ የነገሥታቱ ግንብ ፊት ለፊት ቆመው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከፍታውን በእርሳስ ይለካሉ። ገበያተኛው “ምነው ወንድም፣ ግንቡን ልትተኩሰው ነው?” እያለ ያልፋል። አንዱን በር አርባ ጊዜ ሣሉ። ወረቀት ስላልነበረ በአሮጌ ደብዳቤ ጀርባ ይሥሉ ነበር፤ የሚያጠፉትም በዳቦ ፍርፋሪ ነበር። መምህሩ ሁልጊዜ ከቤቱ አጠገብ ሰው እንዲሥሉ ያዝዟቸው ነበር፤ ያለ ሰው የቤቱ ልክ አይታወቅምና።

በ1943 ዓ.ም. በዳባት መንገድ ያለች አንዲት የገጠር ደብር የጉባኤ አዳራሽ ለመሥራት ተነሣች። ንድፉን አቶ ሀዳነ በእጃቸው ሣሉ፤ የመጀመሪያ ሥራቸው ነበር። ግንበኛው ከቤተ እስራኤሎች መንደር ከወለቃ የመጡት አቶ አለነ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ግንበኛ ቁጥር አያነብም፤ የተሣለውን ሰው ሦስት ክንድ ተኩል ብሎ ይይዝና የቀረውን ከእሱ ይሰፍራል። አቶ ሀዳነ ደግሞ በበሩ አጠገብ የደብሩን አለቃና በር ጠባቂውን ሣሉ፤ በአያታቸው ቤት እንደ ለመዱት፣ አለቃውን አስበልጠው። በሥዕሉ የአለቃው ራስ ጉበኑ ሥር ደረሰ፤ አቶ አለነም በሩን ከአለቃው ቁመት ሰፈሩ።

አዳራሹ በተመረቀ ዕለት አለቃው ሲገቡ ጥምጣማቸው ከጉበኑ ተጋጭቶ ወደቀ። አንድ ደብተራ “አለቃ፣ ወይ ጥምጣሙን ይቀንሱ ወይ በሩን ያስጨምሩ” አለ፤ ሕዝቡ ሳቀ። ወዲያው ሰው ሁሉ ወደ ግንበኛው ዞረ። “የወለቃ ሰው ልክ የት ያውቃል” ተባለ። አቶ አለነ “እኔ እንደ ሥዕሉ ነው የሠራሁ። አቶ ሀዳነ ይናገሩ እንጂ” አሉ።

አቶ ሀዳነ ሥዕሉን በኪሳቸው ይዘው ከሕዝቡ መካከል ቆመው ነበር። ስሕተቱ የማን እንደሆነ ገብቷቸዋል። በዚያ ወር በነዳፊነት ሊሾሙ ነበርና ዝም አሉ። ተሾሙም። አቶ አለነን ከዚያ ወዲህ ለግንብ የጠራቸው የለም፤ ድንጋይ መጥረቡን ትተው ማረሻ እየቀጠቀጡ ኖሩ።

በ1945 ዓ.ም. ከወይዘሮ ስንዱ ወልደኢየሱስ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ወይዘሮ እንኳየሁንና አቶ አምባቸውን ወለዱ። በአዘዞና በከተማው ብዙ ቤት ነደፉ። በንድፋቸው ላይ ግን ከዚያ ወዲህ ሰው አልሣሉም። ለምን ሲባሉ “ሰው አይሆንልኝም፣ ተወኝ” ይሉ ነበር፤ ደክሟቸው ይሁን አዝነው አይለይም።

ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሕክምናውም ጠበሉም አላቆመውም። የካቲት 11 ቀን 1963 ዓ.ም. በተወለዱ በ47 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ይህን የጻፍሁትን እኔን የእኅታቸውን ልጅ ትተው ሄደዋል። የደከመች ነፍሳቸውን አምላክ በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ይስጠን።

የሚከተለው ቃል በመጨረሻ፣ በሰው ሁሉ ፊት እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። “የዚያ አዳራሽ በር ያጠረው በነዳፊው ስሕተት ነው። አቶ አለነ በተሰጣቸው ሥዕል ልክ ሠርተዋል።”

ከማረፋቸው በፊት በነበረው እሑድ አጎቴ አቶ አለነን ከወለቃ አስጠሯቸው። አቶ አለነ፣ ወገናቸው ከክርስቲያን ቤት አይገባምና፣ ወደ ውስጥ ሳይገቡ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አጎቴ ተደግፈው ወጡና ሥዕሉን ሰጧቸው። “አለቃውን አስበልጬ የሣልሁ እኔ ነኝ። አንተ ልክ ነበርህ። እንጀራዬን ፈርቼ ዝም አልሁ፤ አሁን ለሁሉም ይነገራል” አሏቸው። አቶ አለነ ሥዕሉን በጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። በጣታቸው አለቃውን ለኩ፤ ቀጥለው በሩን ለኩ። እንደገናም ለኩ። ከዚያ ወረቀቱን በመስኮቱ ላይ አስቀምጠው፣ ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ።