የአባዬ መስሚያና ስልኩ የተኳረፉ ሰሞን

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የአባዬ ስልክ ሦስት ቀን ሙሉ «አዲስ ማሻሻያ አለ» እያለ ሲጨቀጭቀው፣ እኔ ብልጧ ዛሬ ጠዋት «እሺ» የሚለውን ተጫንኩለት። ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ የአባዬን የጆሮ መስሚያዎች አላውቃቸውም አለ። እስከ ትናንት ድረስ አብረው ሲበሉ ሲጠጡ የነበሩ ሰዎች እንደዚህ ሲካካዱ አይቼ አላውቅም።

መስሚያዎቹን ወንድሜ ነስሩ ነው አምና አዲስ አበባ ወስዶ አስመርምሮ ያመጣለት። ከጆሮው ጀርባ ይቀመጣሉ፣ ጥምጥሙ ይሸፍናቸዋል። ብቻቸውን ሲሆኑ አጠገቡ የተቀመጠን ሰው ያሰሙታል። ራቅ ያለውን ግን በስልኩ ነው የሚሰማው። ስልኩን ሰዎች መሃል ያስቀምጠዋል፣ ስልኩ ድምፃቸውን ለቅሞ በብሉቱዝ ጆሮው ውስጥ ይጨምርለታል። ለሚያየው ሰው ስልክ እስኪደወልለት የሚጠብቅ ይመስላል። ምስጢሩን የምናውቀው እኔ፣ ነስሩና አላህ ብቻ ነን።

ምስጢር የሆነው አባዬ የተጣላ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ስለሆነ ነው። ሰርቦ ከተማ ላይ ሠላሳ ዓመት የቡና ሚዛን ሲይዝ አንድ ሰው እንኳ «አጎደለብኝ» ብሎት አያውቅም። ዛሬም እዚያ የተጣላ ሁሉ እሱን ነው የሚጠራው። እሁድ የሟች ጓደኛውን ሁለት ልጆች፣ የጀማልንና የአብዱን ጉዳይ ሊያይ ቀጠሮ ይዟል። ወንድማማቾቹ ሰላምታ ካቋረጡ ዓመት ሞላቸው። ሟቹ ሲሞት ልጆቹን አደራ ያለው አባዬን ነው።

አራት ቀን አለን አልኩት። ለምን አለኝ። እሱንም የሰማኝ በሦስተኛው ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ዛሬ የሞከርኩት፦

ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ። ሰባት ጊዜ።
ብሉቱዙን አጥፍቼ አበራሁ። ቁጥሩ ጠፍቶኛል።
መስሚያዎቹን ቻርጅ አደረግሁ።
ስልኩን በደረቅ ጨርቅ ወለወልኩት። ይሄ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።
ነስሩ ጋ ደወልኩ። «ማን ንኪ አለሽ?» ብሎ ዘጋብኝ።

ከሰዓት የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ ቦሳ አዲስ ሰፈር ያለ ስልክ ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። ልጁ አገላብጦ አየና ስልኩ ምንም አልሆነም፣ አፕዴቱ ነው፣ ሌላ አፕዴት እስኪመጣ ጠብቂ አለኝ። መቼ ይመጣል ስለው ትከሻውን ሰበቀ። በዚህ ምክር ላይ ሻይ ጋበዘኝ፣ ደግ ልጅ ነው።

አባዬ ግን ምንም አልመሰለውም። የሰፈራችንን የሄርማታን ሐሜት አንድ ቀን ባልሰማ አልሞትም ይላል። ወደ ማታ ስልኩን ደጋግሞ ሲያየው አይቼዋለሁ። ደንበኛዬ ነገ የምትወስደውን ቀሚስ አንዱን እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ዛሬ የሠራሁትን ሥራ ጠላቴም አይሥራው።

ከጁምዓ በፊት የብሉቱዙን ዝርዝር ስከፍት ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቅ ስም አገኘሁ፣ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት። አፕዴቱ የመስሚያዎቹን ስም ቀይሮት ኖሯል ብዬ ተጫንኩት። «ተገናኝቷል» አለኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። አባዬ ሰግዶ ተመልሶ ሱቄ በረንዳ ላይ ሲቀመጥ፣ ልፈትነው ብዬ ስልኩን ይዤ ጓዳ ገባሁና በቀስታ ተናገርኩ።

«አባዬ፣ ይሰማሃል? እሁድ ካልሰማህ ጉዳችን ነው። ሰርቦዎች ጆሮህ እንደደከመ ካወቁ ዳግመኛ አይጠሩህም።»

ከጎኔ ቅመም የምትሸጠው እቴ መዲና ከጠዋት እስከ ማታ በስፒከሯ መንዙማ ትከፍታለች። መንዙማው ጸጥ አለ። ከዚያ የገዛ ድምፄ በግድግዳው በኩል ተመልሶ መጣ። ያ ስም የመዲና ስፒከር ኖሯል። መንገዱ ከጁምዓ በሚመለስ ሰው ጢም ብሎ ነበር። ሁሉም ቆሞ ወደ በረንዳዬ ያያል። ከመንገዱ ሁሉ ያልሰማው አባዬ ብቻ ነው።

አጠገቡ ተቀምጬ ራሴ ነገርኩት። አልተቆጣም። መስሚያዎቹን ከጥምጥሙ ሥር አውጥቶ ሣጥናቸው ውስጥ መለሳቸው። የእሁዱን ቀርቷል በያቸው፣ የማይሰማ ሰው ዳኝነት አይቀመጥም አለኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

አባዬ አላኮረፈኝም። ቢያኮርፈኝ ይሻለኝ ነበር። ቁርሱን በላ፣ እጄን ባረከ። እኔ ስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ አለቀስኩ። የሰው ምስጢር መጠበቅ ያቃተኝ እኔ ነኝ፣ የተቀጣው እሱ ነው።

ረፋዱ ላይ እቴ መዲና አንድ እፍኝ ኮረሪማ ይዛ መጣች። ጆሮው ሥር ተጠግታ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እኛ እኮ ድሮም እናውቃለን። ስልኩን ወደ ሰው ሲገፉት እያየን ነው ወደ ስልኩ ዞረን የምንናገረው።»

አባዬ ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰ መስሎኝ ደንግጬ ብነሳ ለካ እየሳቀ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ጥምጥም ሳጠብቅ ኖርኩ አለ።

ከሰዓት ትልቁ ወንድም፣ ጀማል፣ ከሰርቦ ደወለ። አባዬ ስልክ ስለማይሰማ አንስቼ እውነቱን ነገርኩት። ጀማል «ኤዬ፣ እንዲያ ከሆነ እንጠጋቸዋለና። አባ ኬኛ፣ አባታችን፣ እሳቸው ናቸው፣ ሌላ አባት ከየት እናምጣ?» አለኝ። ቃል በቃል ለአባዬ ነገርኩት። ወደ ማምሻው ነጩን ጀለቢያዬን ተኩሺልኝ አለኝ።

እሁድ፣ ኅዳር 22

ሰርቦ። ጀማል ግቢ ምንጣፍ ተነጥፎ አባዬ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጠ። መስሚያዎቹን አድርጓል፣ ስልኩ የለም። እኔ ከሴቶቹ ጋር በር ላይ ነኝ።

ጠቡ እንዲህ ነው። አምና ቡናው ማድረቂያው አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ድንገት ዝናብ መጣ። ጀማል የራሱን አልጋ በላስቲክ ሸፈነ፣ አጠገቡ ያለው የታናሹ የአብዱ ቡና ግን ዘንቦበት ሻገተ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በአንድ መንገድ አይሄዱም።

አብዱ ከምንጣፉ ጫፍ ሆኖ አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። አባዬ ምንም እንዳልሰማው ከፊቱ አወቅሁ። ያን ጊዜ ከጎኑ ወደተቀመጠው ጀማል ዞረ።

«አንተ ቅርቤ ነህ። ያለውን ንገረኝ። እንዳትጨምር፣ እንዳትቀንስ።»

ጀማል አንገራገረ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ተያዩ። ተከሳሽ የከሳሹን ቃል ሲያደርስ ማን አይቶ ያውቃል። በመጨረሻ ጀማል ወደ አባዬ ጆሮ ጎንበስ አለ። «ቡናው አይደለም ያቃጠለኝ ይላል። ወንድሜ በቤቴ ደጃፍ ሮጦ አለፈ፣ አልጠራኝም ይላል።» የመጨረሻዋን ቃል ሲል ድምፁ ተሰበረ።

«አልሰማሁም፣ ድገመው» አለ አባዬ።

ደገመው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከበደው። ከዚያ ቦታ ተቀያየሩና አብዱ በተራው የወንድሙን አደረሰ። የጀማል ልጅ ያን ቀን ትኩሳት ይዞት ነበር፣ ጀማል የራሱን ቡና ሸፍኖ ወደ ልጁ ሮጠ፣ በኋላ ይቅርታ ለመጠየቅ አፈረ። አብዱ የወንድሙ ልጅ ታሞ እንደነበር አያውቅም ነበር። ይህን ለአባዬ ሊያደርስ ሲል ነው የሰማው።

አልተቃቀፉም። ለሳምንት ተቀጠሩ። በሚኒባሱ ስንመለስ አባዬን ጠጋ ብዬ ጀማል መጀመሪያ ያለውን በእውነት አልሰማኸውም ነበር ወይ አልኩት። የማይሰማ መስሎ በመስኮት ወደ ውጭ አየ።

ሰኞ፣ ኅዳር 23

ተገናኙ! ነስሩ መስሚያዎቹን የሸጠለትን ሰው ጠይቆ ጠዋት ደወለልኝ። የድሮውን ስም ከስልኩ ላይ ጨርሶ ማጥፋት፣ መስሚያዎቹን ሣጥናቸው ውስጥ ከትቶ እንደገና ማውጣት፣ እንደ አዲስ ማስተዋወቅ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አምስት ቀን ሙሉ ይሄን ስፈልግ ነበር። መዲና ከበረንዳዋ ሆና በቀስታ «ጋሼ» ብላ ጠራችው፣ አባዬ «አቤት» አላት።

ይህን እየጻፍኩ ስልኩ ጠራ። ጥሪው አሁን በቀጥታ ጆሮው ውስጥ ስለሚገባ እኔ የምሰማው የአባዬን ብቻ ነው።

«ወዓለይኩም ሰላም ጀማል።» ዝም። «አሁን? በር ላይ?» ዝም። «ታዲያ አብዱ ደጅህ ቆሞ ለኔ ለምን ትደውላለህ? ግባ በለው እንጂ።»

ጀማል ስልኩን መዝጋት ረስቷል መሰለኝ። አባዬ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እየሰማ ነው። ምን አሉ ስለው በእጁ ዝም በይ አለኝ። ፊቱን እያየሁ ተቀምጫለሁ፣ እስካሁን ምንም አልነገረኝም።