ሁለቴ የተቀባው ጥግ

ለምወድሽ እህቴ ለአዶሎራታ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽን ኔስቶርን ሳሉ ለቀቀው? የቦነስ አይረስ ሙቀት እንዳይጎዳችሁ አስባለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ራሴ አበስላለሁ፣ ማንንም አላስቸገርኩም። ጽሕፈቴን ታግሰሽ አንብቢው፤ ይህን በሌላ ሰው አላስጽፍም።

ለገበያ የባሕር ዛጎል የሚያረባውን ጎረቤታችንን ፎርቱናቶን ገደሉት። ባሕራችን ውስጥ የመርዝ በርሜል የሚጥሉትን ለፖሊስ ስለተናገረ ነው። ዓሣ ገበያው በር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ። ገበያተኛው ሁሉ አላየሁም አለ። እኔ እንደ ሥራዬ መሰላል ላይ ሆኜ የአንዲት አሮጊት የሞት ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ እለጥፍ ነበር። ለጣፊን ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ገዳዩን ለይቼዋለሁ፤ በርሜሎቹን የሚያመላልሱት የቆሻሻ መኪኖች ባለቤት ልጅ ነው። ለመርማሪው ለብሬሳን ተናግሬ ፈረምኩ። ዳቦ ሻጯ “ሽማግሌው፣ ምላስህ ከመሰላልህ ረዘመ” አለችኝ። “ያንቺ ደግሞ ከዳቦሽ አነሰ” ብያት ወጣሁ።

ባለፈው ሰኞ ከቤቴ በር ፊት ለፊት አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘሁ። ጥቁር ጠርዝ፣ መስቀል፣ ከሥሩ የእኔ ስም፣ ካታልዶ ሪኪ። የቀብሩ ቀን ብቻ ባዶ ነው። ስሜ አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠኝ ሙጫው ነው። የባሕሩ ነፋስ የሚያነሳው የታችኛውን ቀኝ ጥግ ስለሆነ፣ እኔ እሱን ሁለቴ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የምቀባው፤ ይኸኛውም እንዲሁ ተቀብቷል። ይህን ያስተማርኩት አንድ ሰው ብቻ ነው። በአሥር ዓመቱ አደራ ብለሽ የተውሽልኝን ልጅሽን፣ ኦሮንዞን።

ጠርቼ ጠየቅሁት። አልካደም። “አጎቴ፣ እኔ ባልለጥፈው ሌላ ሰው ሽጉጥ ይዞ ይመጣብህ ነበር። አፍህን ዘግተህ ኑር” አለኝ። ማን ላከህ ብዬ ስጠይቀው በሩን ከፍቶ ወጣ።

መርማሪው ብሬሳንም ማስታወቂያውን ማን እንደለጠፈው ጠየቀኝ። ሁለት ቀን ዝም አልኩ፤ መንደሩን ሁሉ በዝምታው ስሰድብ የከረምኩት ሰውዬ። ትናንት የልጅሽን ስም ሰጠሁ። ዛሬ ጠዋት መጥተው ወሰዱት። በደጄ ሲያልፍ “ለእናቴ ራስህ ጻፍላት” አለኝ። ይኸው ጻፍኩልሽ። አደራ በላ ብትይኝ አልቀየምሽም።

ማስታወቂያውን አላነሳሁትም። ቀኑን ልጁን የላኩት ሰዎች ራሳቸው መጥተው ይሙሉት። ሦስት ቀን ሙሉ ነፋስ ነበር፤ ጥጉ አልተነሳም። እጁን አሳምሬ ነበር ያስተማርኩት።

ለኔስቶር፣ ለሴት ልጅሽ ለፊሎሜና፣ ለሕፃኗም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አንቺ ሰላምታዬን ካልፈለግሽ ተዪው።

ወንድምሽ ካታልዶ
ታራንቶ፣ አሮጌው ከተማ
ማርች 3 ቀን 1991