በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ስለሚቋረጠው ስሌቴ

ለተከበሩ የስሌት ማእከሉ ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ማሽን ክፍልዎ ማቀዝቀዣ ሳይቋረጥ እንዲዘልቅ ከልብ እየተመኘሁ፣ በሦስተኛው ፎቅ መስኮት በሌላት ክፍል የምቀመጠው የዶክትሬት ተማሪ ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ በግል የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች የት እንደገቡ ስላልታወቀ ነው።

ከእኔም በላይ እንደሚያውቁት፣ ሥራዬ ከአሥራ ሁለት የዚንክና ከአሥራ ሁለት የኦክስጅን አቶሞች በተሠራች ደቃቅ ዘለላ ላይ ነው፤ ከዚንኮቹ አንዱን አውጥቼ ማንጋኒዝ እተካና ጠባይዋ እንዴት እንደሚለወጥ በማእከልዎ ኮምፒውተር አሰላለሁ። እናቴ፣ በዓይን የማይታየው ይህን ያህል ዓመት ከፈጀብሽ የሚታየውማ ዕድሜ ልክሽን ነው ብላኛለች።

አንደኛ፣ ሃያ ቀን የሚፈጀው ስሌቴ ሦስት ጊዜ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ተቋርጧል። መጀመሪያ መብራት ጠፋ ተባለ፤ ሊፍቱ ግን ይሠራ ነበር። ቀጥሎ ጥገና ነው ተባለ፤ ጠጋኙ የዓመት ፈቃድ ላይ ነበር። ለሦስተኛው ምክንያትም አልተፈለገለትም፤ አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ብዬ ስለነበር ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስሌቱ በተቋረጠ ቁጥር በማግስቱ ፋይሎቼ በእርስዎ ስም እንደተከፈቱ የማሽኑ መዝገብ ያሳያል። ለደህንነቴ አስበው ነው ብዬ ላምን ሞክሬ አቃተኝ።

ሦስተኛ፣ ባለፈው ወር በስምዎ በሳይንስ መጽሔት የወጣው ጽሑፍ ስለዚችው ዘለላና ስለዚሁ ማንጋኒዝ ነው። በዚህም ምክንያት ፈታኞቼ ሥራዬ አዲስ እንዳልሆነ ገልጸው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ካላቀረብኩ እንደምሰናበት ጽፈውልኛል። በዚህ ሥራ ላይ ስድስት ዓመቴ ነው። አቤት ብል የተመደቡልኝ አጣሪዎች ምክትልዎና የጽሑፍዎ ተባባሪ ሆኑ፤ የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ።

በማሽኑ ወረፋ ላይ ስምዎ አንድ ቀን እንኳ ሳይገባ የሃያ ቀን ስሌት ለጨረሱበት ጥበብ እጅ እየነሳሁ፣

ከማያልቅ አክብሮትና ከማይከደን ዓይን ጋር፣
የሦስተኛው ፎቅ ተማሪዎ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በዚህች ዘለላ ውስጥ ማንጋኒዙ አምስት ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች ሊኖሩት ይገባል። እኔ ግን በሦስቱም ስሌቶች በስህተት ሦስት ብዬ አስገብቼ ኖሯል፤ ባለፈው ሳምንት ሳየው አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ የጽሑፍዎን ሁለተኛ ሠንጠረዥ ባየው እዚያም ሦስት ይላል። ሠንጠረዡን ከነፋይሎቼ ለመጽሔቱ አዘጋጅና ለፈታኞቼ ልኬያለሁ። ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ፤ ስህተቴን ግን ይመልሱልኝ።